በጽዮን ቀን ያልተነሣ ነዶ

እኔ የምጠነቀቅ ሰው ነኝ። ቁስቋም ባለው ቤቴ ውኃ ቢጠፋ የሚሆኑ ስድስት ጀሪካኖች ሁልጊዜ ሞልተው ይቆማሉ። ሻማና ክብሪቱን መብራት ጠፍቶም አላጣቸውም። ረጅም ዓመት በአንድ ትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ስለ ሠራሁ፣ ነገር ከመድረሱ በፊት ቦታ ቦታውን ማስያዝ ልማዴ ሆኗል። ወንድሜ ከገጠር ሲመጣ ጀሪካኖቹን እያየ ይስቅብኛል።

«እታለም፣ ኖኅ እንኳ ለዚያ ሁሉ ውኃ ይህን ያህል አልተሰናዳም።»

«ኖኅም የዳነው ስለ ተሰናዳ ነው» እለዋለሁ።

ወንድሜ ታናሼ ነው። ከዳባት ወጣ ብሎ አባታችን ባቆየልን መሬት ላይ ይኖራል። መሬቱ የሁለታችን ነው፤ እሱ ያርሳል፣ ምርቱን እኩል እንካፈላለን። ጡረታዬ ትንሽ ስለሆነ የዓመት ቀለቤ የሚመጣው ከዚያ ነው። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ በየዓመቱ ኅዳር ስድስት ቁስቋም ማርያምን አነግሥና፣ መንገዱ ሰላም ከሆነ ሚኒባስ ይዤ ወደ ወንድሜ እወጣለሁ። ለአጨዳ የምጠቅም ሆኜ አይደለም። እህሉ ሲሰበሰብ በዓይኔ ካላየሁ ዕረፍት ስለማይሰማኝ ነው።

ይህን የምጽፈው ከጥቂት ዓመታት በፊት ስለሆነ አንድ የጽዮን በዓል ነው። ለልጄ በቃል ጀምሬላት ነበር፤ ስናገረው አጠረብኝና ተውኩት።

በዚያ ዓመት ክረምቱ ሸጋ ነበር። ስንዴው ወገቤ ድረስ ቆሞ፣ ዛላው ከብዶት ወደ አንድ ወገን አዘንብሎ አገኘሁት። ወንድሜ ከጎረቤቶቹ ጋር ወንፈል ገብቶ ነበር፤ ዛሬ የእሱን ካጨዱለት ነገ እሱ የእነሱን ያጭዳል። ኅዳር ሃያ ቀን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የመጨረሻው ነዶ ታስሮ ወደቀ። እርሻው ከዳር እስከ ዳር ነዶ ሆነ። ሰዎቹ ማጭዳቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ሲሄዱ ወንድሜ እጁን አሻሽቶ፣ «እንግዲህ ብርሃን ሳለ የቻልነውን ያህል እንከምር» አለ።

እኔ አንዱን ነዶ አንሥቼ ሥሩን ዳበስኩት። አረም ተጨምሮበት ታስሯል፤ እርጥበት አለው።

«ይሄ አልደረቀም» አልኩት። «እርጥብ ከተከመረ ውስጥ ውስጡን ይሻግታል። ሁለት ቀን ፀሐይ ይምታው።»

ሰማዩን ቀና ብሎ አየ። አንድ ደመና አልነበረም።

«ነገ ጽዮን ናት» አለ።

«አውቃለሁ። ከነገ ወዲያ ትከምረዋለህ።»

እሱ በገበሬነቱ ከእኔ የበለጠ እንደሚያውቅ ግልጽ ነው። ግን ታላቅ እህቱ ነኝ፤ እናታችን ስትሞት ልጅ ነበር፣ እኔ ነኝ ያሳደግሁት። «እሺ እታለም» ብሎ ማጭዱን አነሣ።

በማግስቱ ጠዋት ነጠላችንን አጣፍተን ወደ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ልጄ ከጎንደር ደወለች።

«እማዬ፣ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ዝናብ አለ ይላል። ለሁለት ቀን ነው አሉ። ነዶው ተከምሯል?»

«በኅዳር ምን ዝናብ አለ?» አልኳት።

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ ስልኩ ነው ያለው።»

ስልኩን ዘግቼ መንገዴን ቀጠልኩ። ትንሽ እንደሄድን የግብርና ባለሙያው ዋናው መንገድ ላይ ቆሞ በድምፅ ማጉያ ያንኑ ሲናገር ሰማነው። ከማዶው ጋራ በላይ፣ በስሜን ተራሮች በኩል፣ ሰማዩ ግራጫ መልክ ይዞ ነበር።

ታቦቷ ወጥታ፣ ዑደቱ ተደርጎ፣ እልልታው ሲበርድ የአጥቢያው ቄስ ሕዝቡን ዝም አሰኙ። ረጅም ሰው ናቸው፤ ሲናገሩ አይጮኹም።

«ልጆቼ፣ ዝናብ ይመጣል ተብሏል። ነዶው ሜዳ ላይ ያለ ብዙ ነው። ለበሽተኛ፣ ለአራስ፣ ጉልበት ለከዳው ሽማግሌ ዛሬም ማንሣት በረከት ነው፤ ሂዱና አንሡላቸው። ለራሱ የሚያነሣውን እኔ አላወግዝም። ከአምላኩ ጋር ይነጋገር።»

ልቤ አረፈ። ከቄሱ አፍ እንዲህ ከወጣ ነገሩ አለቀ ብዬ፣ ገና ከቅጥሩ ሳንወጣ ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሠርኩ። ብዙው ሰው ወደ እርሻው ተበተነ። ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ የልጆቻቸውን እንጀራ ነበር የሚያነሡት። የወንድሜ ሚስትም ገመድ ለማምጣት ፈጠን ብላ ወደ ቤት ሄደች። ወንድሜ ግን አልፈጠነም። እርሻው ዳር ሲደርስ ቆመ፤ ወደ ውስጥ አልገባም።

«ምን ትጠብቃለህ?» አልኩት።

«እኔ ዛሬ አላነሣም እታለም።»

«አባ ምን እንዳሉ አልሰማህም?»

«ሰማሁ። አላወግዝም አሉ። አንሣ ግን አላሉኝም።»

«ይሄ እኮ የዓመት እንጀራ ነው! የአንተም የእኔም።»

«አውቃለሁ።»

«ማርያም ነዶ አነሣህ ብላ ትቀየምሃለች?»

«እሷ አትቀየመኝም።» ድምፁ እንደ ወትሮው ነበር። «እኔ የማውቀው ራሴን ነው። ዛሬ ዝናብ ፈርቼ ካነሣሁ፣ ከርሞ ደመና አይቼ አነሣለሁ። ከዚያ ወዲያ ደመና ባይኖርም አነሣለሁ። እጄን አውቀዋለሁ። አባታችን መሬት ሲሰጠኝ አብሮ የሰጠኝ ይሄን ቀን ነው፤ ሌላ ያስቀመጥኩት ነገር የለኝም።»

ሚስቱ ገመዱን ይዛ ስትመጣ የመጨረሻውን ሰማች።

«አንተ ሰው፣ ልጆቹ ዓመቱን ምን ሊበሉ ነው?»

«እስከ ዛሬ ምን በሉ?»

«አንተ ያረስከውን!»

«እኔ አረስኩ። ያበቀለውስ?»

እኔ ተናድጄ ነበር። በእሱ ብቻ አልነበረም የተናደድኩት፤ ትናንት ማታ ልከምር ሲል የከለከልኩት እኔ ነበርኩ። ያንን ያነሣብኛል ብዬ ጠበቅሁ። አላነሣውም። ገመዱን ከሚስቱ እጅ ተቀብሎ፣ ወደ ላይኛው እርሻ ማየት ጀመረ።

ላይኛው እርሻ የአንድ ሽማግሌ ነው። በጥቅምት ከበቅሎ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሯል። ልጆቻቸው ሩቅ ናቸው። የእሳቸውም ስንዴ በወንፈል ታጭዶ ነዶው ሜዳ ላይ ነበር። እኒህ ሽማግሌና ወንድሜ ግን ሰላም አልነበሩም። ከሁለት ዓመት በፊት ወሰኑን ገፍተው አንድ እርምጃ ያህል ከእኛ መሬት አርሰዋል። አስታራቂ ተልኮ፣ በቄስ ተገዝቶም ወሰኑ አልተመለሰም። ሰላምታቸው ከሩቅ ራስ መነቅነቅ ብቻ ነበር።

«ልትሄድ ነው?» አለች ሚስቱ።

«ቄሱ ሂዱ ያሉት ለእንዲህ ያለ ሰው ነው። ይሄኛው ግልጽ ነው።»

ተመለከተችው፤ ከዚያ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ወገቧ ላይ ሸጎጠች። «እንግዲያው ቶሎ በል። የሳቸውንም ዝናቡ እንዳይቀድመን።» ሃያ ዓመት አብራው የኖረች ሴት ናት። ከዚያ ቀን ወዲህ ለእሷም ያለኝ ግምት ሌላ ነው።

ሽማግሌው ደጃፋቸው ላይ ቁርበት ተነጥፎላቸው፣ በትራቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠው ነበር። ስንመጣ ሲያዩ በትሩን ጨበጡ።

«ምነው! እግሬ ተሰበረ ብለህ ወሰን ልትመልስ መጣህ?»

«አይ አያ፣ ነዶዎን ልከምርልዎ ነው።»

«የራስህስ?»

«የእኔን ማርያም ትጠብቀዋለች።»

«ማርያም የስንዴ ጠባቂ ሆነች? ከመቼ ወዲህ?» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ይህችስ የከተማዋ? በዚያ ነጭ ቀሚስ ነዶ ልትሸከም?»

«ቀሚሱ ይታጠባል አያ» አልኳቸው።

«እሺ፣ እሺ። ዛላውን ወደ ውስጥ አድርጉት ብቻ። የዘንድሮ ሰው መከመር አያውቅም፤ የሚከምረው ሁሉ ለወፍ ነው።»

ሌሎች ሁለት ጎረቤቶችም መጥተው ተጨመሩ። እኛ ሴቶቹ ነዶ እናቀርባለን፣ ሰዎቹ ያቀብላሉ፣ ወንድሜ ክምሩ ላይ ቆሞ ይደረድራል። ከክምሩ ሥር ድንጋይና እንጨት አንጥፎ፣ ዛላውን ወደ ውስጥ፣ አገዳውን ወደ ውጭ እያደረገ ክብ ይሠራል። ሽማግሌው ከደጃፋቸው ሆነው ምክር አላቋረጡም።

«በግራ በኩል ጎድሏል!»

«አየሁት አያ።»

«አላየህም! ብታየው አይጎድልም ነበር። አባትህ ሲከምር እንቁላል ነበር የሚመስለው።»

«አባቴን እርስዎ አስተማሩት?»

«ሌላ ማን ሊያስተምረው ኖሯል!»

ሰዎቹ ሳቁ። እኔም ሳላስበው ሳቅሁ። ሥራው ሲሞቅ ዝናቡን ረሳሁት ማለት ግን አልችልም። ነዶ አንሥቼ ቀና ባልኩ ቁጥር ከቁልቁለቱ በታች የእኛ እርሻ ይታየኛል። እንደተኛ ነው፤ ማንም አልነካውም። ጎረቤት እርሻዎች ላይ ክምር አንድ በአንድ ይነሣል። የእኛ ብቻ ጠፍጣፋ ሆኖ ቀረ። ወንድሜ ከክምሩ አናት ላይ ሆኖ ከሁላችንም የበለጠ ያየዋል። ፊቱን ወደዚያ ሲያዞር አላየሁትም፤ ግን አንድ ጊዜ ነዶ ሲቀበል እጁ ባዶ ላይ ጨበጠ።

የክምሩ ክዳን በሣር ታስሮ እንዳለቀ የመጀመሪያው ጠብታ እጄ ላይ ወደቀ። ወንድሜ ከክምሩ ላይ ሲወርድ ሽማግሌው፣ «ቅርፁ አያስጠላም» አሉ። ምስጋናቸው ይኸው ነበር።

ሁለት ቀን ዘነበ። የክረምት ዓይነት ዝናብ ነው፤ ረጋ ያለ፣ የማይቸኩል። በረዶ ቢሆን ቶሎ ያልፋል ብዬ ተመኘሁ። ወንድሜ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ጋቢውን ተከናንቦ እርሻው ዳር ይቆምና ይመለሳል። ሁለተኛው ቀን ላይ ሲገባ ሚስቱ የባቄላ ንፍሮ አቀረበችለት። አንድ ጊዜ ዘግኖ ሳይቀምሰው መለሰው። አየሁት፤ እንዳየሁትም አየ።

«ከፍቶኛል እታለም» አለ። «አልተጸጸትኩም፤ ግን ከፍቶኛል።»

በቤታችን እንዲህ ያለ ቃል ብዙ አይነገርም፤ ሲነገርም ዝም ብሎ መቀበል ነው። ንፍሮውን ግን ወደ እሱ ገፋሁለት።

በሦስተኛው ቀን ፀሐይ ወጣች። እርሻው ላይ ስንደርስ ከላይ የነበረው ነዶ ደህና ነበር፤ ገልብጠን ስናየው ግን መሬት የነካው ጎኑ ጠቁሯል፤ አንዳንዱ ዛላ ላይ ነጭ ቡቃያ አቆጥቁጧል። ነዶ መገልበጥ ጀመርን። ብዙም ሳይቆይ የወንፈሉ ሰዎች ሳይጠሩ አንድ በአንድ መጡ። ማንም ስለ ጽዮን ቀን አንድ ቃል አልተነፈሰም። የራሱን ያነሣው እንደ ጥፋተኛ ሆኖ አልመጣም፣ ወንድሜም እንደ ጻድቅ አልተቀበለውም። ቀኑን ሙሉ ነዶውን በየጎኑ አቆምነው፣ ፈታንና አሰጣነው። ከሰዓት በኋላ ሽማግሌው በአንድ ጎረቤት በኩል መልእክት ላኩ፤

«ስለ ነዶው እግዜር ይስጥልኝ በሉት። ወሰኑ ግን የእኔ ነው።»

ወንድሜ ነዶ ላይ ቁጭ ብሎ ዓይኑ እንባ እስኪሞላ ሳቀ። ከዚያ ዝናብ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው። ወሰኑ እስከ ዛሬ አልተመለሰም።

እኔ ወደ ጎንደር ተመለስኩ። በታኅሣሥ ውቂያው ሲደርስ እንደገና ወጣሁ። አውድማው ላይ በሬዎቹ ዞረው፣ እህሉ በነፋስ ተለይቶ፣ ሁለት ክምችት ሆነ። ወንድሜ ዛላው የጠቆረውን ነዶ ለብቻ ወቅቶት ነበር። አንደኛው ክምችት ንጹሕ፣ ቀይ፣ እጅ ሲያስገቡበት የሚንሸራተት ስንዴ ነው። ሁለተኛው አነስ ይላል፤ የጠቆረ፣ የበቀለ፣ የእርጥብ ምድር ሽታ ያለው። ወንድሜ አማትቦ መስፈሪያ ያዘና የእኔን ጆንያ መሙላት ጀመረ። ከንጹሑ ይዘግናል፤ ከሌላኛው አይነካም። የእኔ ድርሻ ሞልቶ ሲታሰር ከንጹሑ የቀረው ጥቂት ነበር።

«ያኛውስ?» አልኩት።

«ያ የእኔ ነው።»

«ለምን?»

«በእኔ ውሳኔ ነው የጠቆረ። አንቺ አንሣ ብለሽኝ ነበር። ያንቺን ቀለብ በእኔ እምነት ላበላሽ መብት የለኝም።»

ይህን ሁሉ ጊዜ እንዲህ እያሰበ መክረሙን ያኔ ነው ያወቅሁት። ከጽዮን ቀን ጀምሮ ለራሱ ጥቁሩን መድቦ ኖሯል። እኔ በተቆጣሁት ጊዜ፣ ንፍሮውን በገፋሁለት ጊዜ፣ ነዶ ስንገለብጥ፣ የሚበላውን ያውቅ ነበር።

አንድ ያልተናገርኩት ነገር ነበረኝ። መናገር አልወድም፤ ግን አውድማ ላይ፣ እህል ፊት፣ መደበቅ ነውር መሰለኝ።

«ማታውን ልከምር ስትል ተው ያልኩህ እኔ ነኝ» አልኩት። «እርጥብ ነው ብዬ። ብትከምረው ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር።»

«ረስቼው ነበር» አለ።

አልረሳም። ወንድሜ ውሸት አይችልበትም፤ ሲዋሽ ጆሮውን ያሻል። ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ አንድ ቀን እንኳ፣ ሚስቱ ስትወቅሰው፣ ሰው ሲጠይቀው፣ «እህቴ ናት የከለከለችኝ» አላለም። እርሻው ዳር ቆመን ስጮኽበት እንኳ አላለም። አንድ ቃል ብቻ ይበቃው ነበር።

ጆንያዬን ፈታሁና ንጹሑን ወደ ክምችቱ መልሼ ደፋሁት።

«ምን ማድረግሽ ነው እታለም!»

«መሬቱ እኩል ነው። ሁሉም እኩል ይሰፈር።»

«ጥቁሩ ዳቦ አይሆንሽም፤ ኩፍ አይልም፣ እጅ ላይ ይጣበቃል።»

«ለአንተ የሆነ ለእኔም ይሆናል። ያን ቀን እምነትህን አልተካፈልኩም፤ ይሄን እንኳ ልካፈል።»

ከንጹሑ ግማሽ፣ ከጥቁሩ ግማሽ ሰፈረልኝ። ስፍሩን ሲያስተካክል ግን ከጥቁሩ ላይ በመዳፉ ጠረግ ጠረግ እያደረገ ያጎድልልኝ ነበር፤ እኔም ቆሜ እያየሁ መልሶ እንዲሞላው አደረግሁ።

ጎንደር እንደገባሁ ከንጹሑ ለመገበሪያ የሚሆነውን ለቅሜ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወሰድኩ። ለቤቴ ግን በመጀመሪያ ጥቁሩን ለማስፈጨት ወደ ሰፈራችን ወፍጮ ቤት ሄድኩ። ቅዳሜ ስለነበር ሰልፉ ረጅም ነው። እኔ ሰልፍ ላይ ከማላውቀው ሰው ጋር አላወራም፤ የሚያውቁኝም ይህን ያውቃሉ። ተራዬ ደርሶ ጆንያውን ስፈታ ከኋላዬ የነበረች ሴት አንገቷን አስግጋ አየችው።

«ውይ እትዬ፣ ይሄን ዝናብ አግኝቶታል እኮ! ለበግ መኖ ይሻላል።»

«ለቤቴ ነው» አልኳት።

«ምነው፣ ባለቤቱ ሳይከምረው ተኝቶ ነበር? ሰነፍ ገበሬ ነው እንዲህ የሚያደርገው።»

ወፍጮው እየጮኸ ነበር። ዝም ብል ማንም አይታዘበኝም። ዞር አልኩ።

«ባለቤቱ ወንድሜ ነው» አልኩ፤ ሰልፉ ሁሉ እንዲሰማኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ። «ሰነፍ አይደለም። ዝናቡ ሲመጣ የሌላ ሰው ነዶ ላይ ነበር።»

ባለ ወፍጮው ጆንያውን ተቀበለኝና ከጆንያው አፍ ላይ አንድ እፍኝ አንሥቶ አየ፤ መልሶ በጥንቃቄ አፈሰሰው።

«ላድቅቀው እናቴ?»

«አድቅቀው» አልኩት።